እምነቴ የጠፋ የመሰለኝ ወራት

ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ሰባተኛ ዙር ልወስድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀውን የማታ ጸሎት ጀምሬ መሀሉ ላይ ቆምኩ። ቃሉ ከአፌ ይወጣል፤ ማንን እያናገርኩ እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ያን ሌሊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በራሴ ላይ ፈረድኩ፤ «እምነቴ አልቋል፤ ከሕመሙ የባሰው መጣ» አልኩ። ፍርዱ የተሳሳተ እንደነበረና ስሕተቱም አንድ ወር ሙሉ ለማንም ሳልናገር እንዳሠቃየኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይህን የምጽፈው፣ በዚያው መንገድ ላይ ያለ ታማሚ ወይም አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስታምም ሰው፣ እኔ ዘግይቼ የለየሁትን ነገር ቀድሞ ይለየው እንደሆነ ብዬ ነው። ሐኪምም የሃይማኖት መምህርም አይደለሁም፤ የምናገረው በራሴ ላይ ያየሁትን፣ ካከሙኝ ሰዎች የሰማሁትን፣ ካገገምኩ በኋላም ጊዜ አግኝቼ ያነበብኩትን ነው።

ሕመሜ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር። ደረጃው ሦስተኛ ነው፤ ማለትም በአቅራቢያው ወዳሉት ንፍፊቶች ደርሶ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ግን አልተሻገረም። በቀዶ ሕክምና ከወጣልኝ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጥ የ12 ዙር ኬሞ ታዘዘልኝ፤ ሲደመር ስድስት ወር መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እምነቴ ከወትሮው የበረታ ይመስል ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ «እንዴት ያለ ጥንካሬ ነው፣ እኛን የምታጽናናው አንተ ነህ» እያለ ይሄዳል፤ እኔም ነገሩ ደስ ይለኝና በሚቀጥለው ቀን ለሚመጣው እንግዳ ያንኑ ፊት አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። ያ ውዳሴ ወጥመድ እንደነበረ አሁን ይታየኛል። አንድ ጊዜ «ጠንካራው» ከተባልኩ በኋላ፣ ደክሞኛል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በአካሌ ላይ የሚደርሰው ነገር ጸሎቴን እንዴት እንደሚነካው ደግሞ ማንም አልነገረኝም ነበር። ከሚሰጡኝ መድኃኒቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ይባላል፤ ነርቭን የሚነካ መድኃኒት ነው። በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር የነካ ጣት በመርፌ እንደተወጋ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ውኃ የዋጠ ሰውም ጉሮሮው የተዘጋ ይመስለዋል። ዙሩ እየተደራረበ ሲሄድ ቅዝቃዜ ባይኖርም ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር። የጸሎት መጽሐፌ ወረቀት ስስ ነው፤ አንዱን ገጽ ልገልጥ ስል ሦስት አራቱ አብረው ይገለበጣሉ። ወረቀቱን መያዜን እንኳ በዓይኔ ካላየሁ አላውቀውም። አንድ ማታ አንዱን ገጽ ከሌላው መለየት አቅቶኝ መጽሐፉን ዘግቼ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ አመሸሁ። ሌላው መድኃኒት በወገብ በሚታሰር ትንሽ ፓምፕ ለ46 ሰዓት በቀስታ የሚገባ ነው፤ ለሁለት ሌሊት በተኛሁበት ሁሉ አብሮኝ ይተኛል።

ከሁሉ የከበደኝ የእንቅልፍ ነገር ነበር። መድኃኒቱን በወሰድኩበት ቀንና በማግስቱ ሌሊት ዓይኔ አይከደንም፤ ልቤ ይመታል፣ ሐሳቤ ይሮጣል። ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። ፈተና ነው፣ ክፉ መንፈስ በሌሊት እየተዋጋኝ ነው ብዬ አምኜ፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ በላዬ ላይ ጸሎት እደረድራለሁ፤ እንቅልፉ ሳይመጣ ሲነጋ ደግሞ ጸሎቴ አልተሰማም ብዬ አዝናለሁ። በአምስተኛው ዙር ላይ ይህን ለነርሷ እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኳት። ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን አቆመችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ማስመለሱን ለመከላከል ዴክሳሜታዞን እየሰጠንዎት ነው። ስቴሮይድ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲቆም ደግሞ መንፈስን ይጥላል። ቤት የሚወስዱትን ክኒን ስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?» አለችኝ። ማታ ከእራት በኋላ አልኳት። «ጸሎትዎን አይተው፤ ክኒኑን ግን ጠዋት ይውሰዱት» አለችኝ። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ሰዓቱ ተቀየረ፤ ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ቢያንስ ግማሹን ሌሊት ተኛሁ። መንፈሳዊ ውጊያ የለም ማለቴ አይደለም፤ እኔ የተዋጋሁት ግን ከአንድ ክኒን ጋር ነበር።

ከዚህ ትምህርት ወስጄ ሌላውንም ነገር በዚያው መንገድ መመርመር ነበረብኝ፤ አልመረመርኩም። አእምሮዬ በሌላ ጥያቄ ተይዞ ነበር፤ «ምን በድዬ ነው?» በሚለው። ጥያቄው ከራሴ ብቻ የመጣ አልነበረም። የምወደው አንድ ዘመድ፣ በበጎ ልብ መሆኑን ሳልጠራጠር፣ «ራስህን መርምር፤ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምክንያት አይመጣም» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «እምነትህ ሙሉ ቢሆን ኖሮ መርፌው ባላስፈለገህ» አለችኝ። ሁለቱም ከሄዱ በኋላ የሕይወቴን ታሪክ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ፣ ለዚህ ቅጣት የሚመጥነውን ጥፋት ስፈልግ ሳምንታት አለፉ። ብዙ ጥፋት አገኘሁ፤ ማንም ቢፈልግ ያገኛል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሜን አንድ ቀን በድፍረት ስጠይቀው፣ ካንሰር የሚጀምረው ሴሎች ሲባዙ በዘረ መላቸው ላይ በሚጠራቀሙ ስሕተቶች እንደሆነ፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ትምባሆ፣ አልኮልና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርጉት፣ ሆኖም እጅግ ጥንቁቅ ሰው እንደሚያዝና ግድየለሹ እንደሚያመልጥ ነገረኝ። መልሱ አእምሮዬን አሳረፈው፤ ልቤን ግን አላሳረፈውም። ልብ የሚጠይቀው ስለ ሴል አልነበረምና።

እንግዲህ ወደዚያች ሌሊት ስደርስ፣ ማለትም ጸሎቱ መሀል ላይ ሲቆምብኝ፣ ይህ ሁሉ በውስጤ ተጠራቅሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መጸለይ ተውኩ፤ መተዌንም ደበቅሁ። ታላቅ እህቴ ስትመጣ መጽሐፉን ከመሳቢያ አውጥቼ ትራሱ አጠገብ አኖረዋለሁ።

በዘጠነኛው ዙር ዋዜማ፣ ለደም ምርመራ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ነርሷ አንዲት ወረቀት ሰጠችኝ። በብዙ አገሮች የካንሰር ሕክምና ክፍሎች የሚጠቀሙበት «የጭንቀት ቴርሞሜትር» የሚባል ነው፤ ከታች 0፣ ከላይ 10 የተጻፈበት የቴርሞሜትር ሥዕል አለው፤ ታማሚው ባለፈው ሳምንት የነበረበትን ጭንቀት የሚገልጸውን ቁጥር ያከብባል። ከሥዕሉ ጎን የችግር ዓይነቶች ተዘርዝረዋል፤ የቤት ጉዳይ፣ የቤተሰብ፣ የስሜት፣ የአካል፣ እንዲሁም የእምነትና የመንፈሳዊነት ጉዳይ። እህቴ ትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች፤ እኔም 2ን አከበብኩ። ነርሷ ወረቀቱን ተቀበለች፣ አየችው፣ ምንም አላለችም። እህቴ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ግን ሌላ ያልተጻፈበት ወረቀት አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና «ይቺኛዋን ለእኔ ብቻ» ብላኝ ፊቷን አዞረች። 8ን አከበብኩ። ከዝርዝሩም የመጀመሪያ ምልክት ያደረግሁት በእምነት ጉዳይ ላይ ነበር። እንደነገረችኝ ከሆነ 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ባለሙያ ቀረብ ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ተላክሁ።

የገባሁት ልከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። «የእኔ ችግር የእርስዎ ዘርፍ አይደለም፤ እምነቴን ነው ያጣሁት» አልኩት። ሰውየው አልተከራከረኝም። «ጸሎት ብቻ ነው ጣዕሙ የጠፋብዎት፣ ወይስ ሌላም ነገር?» አለኝ። ሌላ ምን ሊኖር ይችላል ብዬ አሰብኩ። የእህቴ ትንሽ ልጅ ስትስቅ ደስ እንደማይለኝ ትዝ አለኝ። ሳላዳምጥ ውዬ የማላድረው ሙዚቃ ከተከፈተ ወር እንዳለፈው ትዝ አለኝ። ስልክ ሲጠራ ማን እንደሆነ ለማየት እንኳ እጄን እንደማልዘረጋ ነገርኩት። እሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የጠፋው እምነትዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሙዚቃው ለምን አብሮት ጠፋ?» አለኝ። ያ ጥያቄ፣ በሕመሜ ዘመን ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይልቅ ዓይኔን ገለጠልኝ።

ድባቴ መሆኑን ያወቅኩት እንዲህ ነው። ባለሙያው እንዳስረዳኝ፣ ካንሰር ባለበት ሰው ላይ ድባቴን መለየት ከሌላው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና እንቅልፍ ማጣት ከሕመሙም ከመድኃኒቱም ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ይበልጥ የሚያዩት ሌላውን ምልክት ነው፤ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ የስሜት መውደቅ፣ ከዚህ በፊት ደስ ከሚያሰኝ ነገር ሁሉ መራቅ፣ ለቤተሰቤ ሸክም ነኝ ማለት፣ ከልክ ያለፈ የጥፋተኝነት ስሜት፣ ተስፋ ማጣት። ሃይማኖተኛ ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ የሃይማኖትን ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ጥፋተኝነቱ «ኃጢአቴ ነው» ይላል፣ ተስፋ ማጣቱ «ፈጣሪ ትቶኛል» ይላል፣ የደስታ መጥፋቱ «ጸሎቴ ደረቀ» ይላል። ንግግሩ ሁሉ መንፈሳዊ ስለሆነ ታማሚውም አስታማሚውም መፍትሔውን በመንፈሳዊው በኩል ብቻ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ፣ «ጠዋት ባልነቃ ምን ነበረበት ብለው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አውቃለሁ አልኩት። ቃሉን ሳወጣው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ አልተለወጠም፤ ቀጥሎም ራሴን ለመጉዳት አስቤ እንደማውቅ በግልጽ ጠየቀኝ። አላሰብኩም ነበር። ያሰበ ሰው ካለ ግን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሳያሳድር በዚያው ቀን ለሐኪሙ ወይም አብሮት ላለ ሰው መናገር እንዳለበት ያኔ የነገረኝን እኔም እደግመዋለሁ።

ንግግሩ በየሳምንቱ ቀጠለ፤ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ ፀረ ድባቴ መድኃኒት አዘዘልኝ። ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አንዳንድ ፀረ ድባቴዎች ከካንሰር መድኃኒት ጋር ይጋጫሉ፤ ለምሳሌ ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፌን በአካል ውስጥ ወደሚሠራበት መልክ እንዳይለወጥ ያውካሉ። ስለዚህ የሚያዘው ሰው የምንወስደውን ሁሉ፣ ከቤት የምንቀምመውን ቅጠልም ጭምር፣ ማወቅ አለበት። ክኒኑን ግን ሳልውጥ አራት ቀን አስቀመጥኩት። ብውጠው በፈጣሪ ፈንታ በክኒን መታመኔ መሰለኝ። በመጨረሻ ለሃይማኖት አባቴ ደውዬ አማከርኳቸው፤ ይፈቅዱ ይሆን ወይስ ይቆጡ ብዬ እየፈራሁ ነው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ መነጽር አድርገህ አይደለም እንዴ ዳዊት የምትደግመው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ መነጽሩ እምነትህን ቀነሰው?» አሉና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። በዚያው ምሽት ዋጥኩት። ለውጡ ወዲያው አልመጣም፤ አራት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል። አንድ ጠዋት የእህቴ ልጅ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋ ስትንገዳገድ አይቼ ሳቅሁ፤ ሳቄን ስሰማው ራሴ ደነገጥኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር። ድባቴው ሲነሳ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ቀረ። ሙዚቃው ተመልሷል፣ እንቅልፉ ተመልሷል፤ ከፈጣሪ ጋር ያለኝ ቅያሜ ግን እንደነበረ አለ። ይህ ክኒን የሚነካው አልነበረም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያውም ይህንኑ በግልጽ ነገረኝና «ይህን ከአባትዎ ጋር ይጨርሱት» አለኝ። በኋላ ሳነብ፣ በሃይማኖትና በሕመም መካከል ያለውን ግንኙነት ለዓመታት ያጠናው ኬኔት ፓርጋመንት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሁለቱን መንገድ ለይቶ እንዳስቀመጠ አየሁ። በአንደኛው ሰው በእምነቱ ይደገፋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ተቀጣሁ፣ ተተውኩ፣ ማኅበረ ምእመናኑም ረሱኝ እያለ ከእምነቱ ጋር ይታገላል። እምነት ያለው ሰው ሁሉ በመጀመሪያው መንገድ ብቻ የሚሄድ ይመስለን ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን በሁለቱም እየተመላለስን ነው የምንኖረው። ሁለተኛው ሳይፈታ ሲቆይ ከድባቴና ከጭንቀት ጋር አብሮ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በእኔም ላይ የሆነው ይኸው ነው፣ አንዱ ሌላውን እየመገበ።

የሃይማኖት አባቴ መጥተው አጠገቤ ሲቀመጡ «ተቆጥቻለሁ» አልኳቸው። ሲያባብሉኝ እጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን መጽሐፌን አንሥተው መዝሙር 87ን ገለጡልኝ፤ በሌላው አቆጣጠር 88 የሚባለው ነው። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች በለቅሶ ይጀምሩና በመጨረሻ ወደ ተስፋ ወይም ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህ ግን አይዞርም። በቀንና በሌሊት የሚጮኸው ሰው ለምን ጣልኸኝ እያለ ጠይቆ፣ ወዳጅና ባልንጀራው እንደራቁት ተናግሮ ያበቃል። «እንዲህ ሆኖ ያለቀ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ከተቀመጠ፣ የአንተም ይቀመጣል» አሉኝ። ከዚያም ስለ ኢዮብ ወዳጆች አወራን። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩትም፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን ሊያስረዱት ሲነሡ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻም የተወቀሱት እነሱ ናቸው እንጂ ሲጮኽ የነበረው ኢዮብ አይደለም። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ታምሜ ግን አልሰማሁትም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምጸልየው አጭር ሆነ። ኬሞ የማስታወስና የማተኮር አቅምን ሊያዳክም ይችላል፤ ረጅሙን ጸሎት ስጀምር መሀል ላይ የት እንደደረስኩ ይጠፋኝ ነበርና፣ አንዲት ሐረግ ይዤ ከትንፋሼ ጋር መደጋገም ያዝኩ። አንዳንድ ቀን ሐረጓ ልመና ነበረች፣ አንዳንድ ቀን ምስጋና፤ ብዙውን ጊዜ ግን «አልገባኝም» የምትል ብቻ ነበረች። ገጽ መግለጥም አላስፈለገኝም።

በጎኔ ባለው የመድኃኒት ወንበር ላይ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነበር፤ ሃይማኖት የለኝም የሚል። መጀመሪያ አዘንኩለት፤ እኔ እንኳ በእምነት እንዲህ ከተንገላታሁ እሱ በምን ሊቆም ነው ብዬ። ሰውየው ግን ከእኔ ይልቅ ሰላም ነበረው። ፓምፑ እየሠራ ሳለ ለሴት ልጁ በስልኩ ድምፅ ይቀዳል፤ እንዴት እንደተወለደች፣ እሱ በወጣትነቱ ምን ምን እንደተሳሳተ፣ ምን እንደሚመኝላት። በኋላ ሳውቅ ነገሩ ራሱን የቻለ የሕክምና ዘዴ ሆኗል። ሃርቪ ቾቺኖቭ የተባለ ካናዳዊ የአእምሮ ሐኪም ያዘጋጀው «የክብር ሕክምና» ታማሚው ስለ ሕይወቱ የሚናገረውን ቀድቶና በጽሑፍ አሰናድቶ ለቤተሰቡ ያስቀራል፤ በኒውዮርክ ደግሞ ዊሊያም ብራይትባርት የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከኦስትሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ከቪክቶር ፍራንክል ሐሳብ ተነሥቶ፣ ካንሰር ያለበት ሰው የሕይወቱን ትርጉም እንዲፈልግ የሚረዳ የምክር ሕክምና ቀርጿል። የታማሚዎችን መንፈሳዊ ደኅንነት ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት አንድ መጠይቅ አለ፤ 12 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ትርጉምን፣ ሰላምንና እምነትን ይጠይቃል። በብዙ ጥናቶች ከተሻለ የአእምሮ ጤና ጋር ይበልጥ ተያይዘው የተገኙት ትርጉምና ሰላም የሚሉት ክፍሎች ናቸው። ለአማኝ ሰው ይህ የሚያስከፋ ሊሆን ይችላል፤ እኔን አላስከፋኝም። እምነቴ በጎ ያደረገልኝ ትርጉምና ሰላም በሰጠኝ ጊዜ ነው፤ ፍርሃት ብቻ በሰጠኝ ጊዜ እምነት መኖሩ ብቻውን አላዳነኝም።

ሐሳባችን ስለሚያድነንና ስለሚገድለን ነገር ደግሞ አንድ ሸክም ላወርድ እወዳለሁ። «ዋናው መንፈስህ ነው፤ ደስ ካለህ ትድናለህ» የሚባለው ምክር ለሚመክረው ቀላል ነው፤ ለሚሰማው ግን ባዘነ ቁጥር ራሱን እየገደለ እንደሆነ የሚነግረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ የራስና የአንገት ካንሰር ያለባቸውን ከ1,000 በላይ ሰዎች የተመለከተ ጥናት፣ የስሜታቸው ሁኔታ በሕይወት ከሚቆዩበት ጊዜ ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል የተሠራጨባቸው ሴቶች በቡድን የሚያገኙት የሥነ ልቦና ድጋፍ ዕድሜ እንደማያስረዝም፣ የመንፈስ ስቃይንና የሕመም ስሜትን ግን እንደሚያቀልል አረጋግጧል። ይህን ሳነብ የተሰማኝ ዕረፍት ነው። ያለቀስኩባቸው ቀናት ዕጢ አላበቀሉብኝም፤ ለነፍሴ የማደርገው እንክብካቤም ቢሆን ሕይወቴን የማተርፍበት ግብር ሆኖ አልተጣለብኝም፤ መኖሬን የማቀልልበት ነው።

በዚያው ልክ፣ እምነት በሕክምና ቦታ ሲተካ አይቻለሁ። አብሮኝ የጀመረ አንድ ወጣት ፈውሱን በእምነት ተቀብያለሁ ብሎ ኬሞውን አቋረጠ፤ ሲመለስ በሽታው ተሠራጭቶ ነበር። በእሱ አልፈርድም፤ የነገሩት ሰዎች «ወይ መድኃኒቱ፣ ወይ ፈጣሪ» ብለው ምርጫ አድርገው ነው ያቀረቡለት። በጥቃቅኑም ነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኬሞ በተወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ሕዝብ በተሰበሰበበት የጸሎት ቦታ መቆም አደጋ አለው፤ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ጸሎቱ በመኪና ውስጥ ይሁን፣ ወደ ሆስፒታል እየሄዱ። ጾምን በሚመለከት እኔ አስቀድሜ ሐኪሜን፣ ቀጥሎ የሃይማኖት አባቴን ጠየቅሁ፤ ሁለቱም ያለ ክርክር አንድ መልስ ሰጡኝ፤ አትጹም አሉኝ። ስቃይን ለማቅለል የሚሰጠውን፣ ማስታገሻ ሕክምና የሚባለውንም ሰዎች እንደ መጨረሻ ስንብት ይፈሩታል። ዘመናዊውን የማስታገሻ ሕክምና የመሠረተችውና እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን የጽኑ ሕሙማን ማስታመሚያ የከፈተችው ሲሲሊ ሳንደርስ፣ ሕመም የአካል፣ የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ እንደሆነና አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም እንደማይቻል ታስተምር ነበር። እኔም በዘጠነኛው ዙር ያገኘሁት እርዳታ ከዚያ ትምህርት የወረደ ነው።

ለሚያስታምሙ ሰዎች የምለው ከእህቴ የተማርኩትን ነው። እውነተኛውን ቁጥር ከነገርኳት በኋላ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ትራስ አጠገብ ስላኖርኩት መጽሐፍም ስነግራት አለቀሰች። ከዚያ ግን አጠያየቋ ተለወጠ። ቀድሞ «በርታ፣ ጸልይ» ትል ነበር፤ አሁን «ዛሬ እንጸልይ ወይስ ዝም ብለን እንቀመጥ?» ትለኛለች። እንቀመጥ ካልኳት ትቀመጣለች። በጸሎቷ ውስጥም ስሜን እያነሳች ስለ ጥንካሬዬ ማመስገን ተወች። ያቺን የቴርሞሜትር ወረቀት ደግሞ ወደ ቤት ይዛት ሄዳ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈቻት፤ ቁጥሩም የቤታችን ቋንቋ ሆነ። «ደህና ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ሰው ሁሉ «ደህና» ብሎ ይመልሳል፤ «ስንት ነህ?» ሲባል ግን መዋሸት ያስቸግራል።

አሥራ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ሁሉም እልል አለ፤ እኔ ግን ወደቅሁ። በየሁለት ሳምንቱ የሚያየኝ፣ የሚለካኝ፣ ስሜን የሚጠራ ሰው ነበረ፤ ድንገት «በሦስት ወር ተመለስ» ተባልኩ። ይህ መውደቅ ብዙዎችን እንደሚያገኝ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጋር የነበረኝን ቀጠሮ አስረዝሜ፣ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ቀስ በቀስ እስኪያስቆመኝ ድረስ ቀጠልኩ። ጣቶቼ በአብዛኛው ተመልሰዋል፤ የግራ አውራ ጣቴ ጫፍ አሁንም ስለማይሰማው ገጹን በቀኜ ነው የምገልጠው። ክትትሉ አምስት ዓመት ነው፤ የካንሰሩን መመለስ ሊጠቁም የሚችል፣ በደም ውስጥ የሚታይ ሲኢኤ የሚባል ምልክት በየጊዜው ይለካል፣ የሲቲ ምርመራም አለ። ምርመራው በቀረበ ቁጥር ፍርሃቱ ይመለሳል፤ ከሳምንት በፊት በሆድ ቁርጠት ይጀምርና ዋዜማው ላይ እንቅልፍ ይነሳል። ፍርሃቱን እምነት ማነስ ነው ብዬ መክሰስ ትቻለሁ።

ባለፈው ምርመራ ዋዜማ ሌሊት፣ መጽሐፉን ገልጬ ያችኑ መዝሙር ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ፤ አልሆነም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኬ በራ። እህቴ ነበረች።

«ስንት ነህ?» አለችኝ።

«ሰባት» አልኳት።

ጫማዋን ስትፈልግ ይሰማኛል። «መጣሁ» አለችኝ።